የክልል ሙዚየሞች ለምን ባዶ ይመስላሉ?

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የሰው ዘር ጥንታዊ ቅሪተ አካላት የሆኑት ሉሲና ሰላም ፕራግ ወደሚገኘው የቼክ ብሔራዊ ሙዚየም ሲሄዱ ማኅበራዊ ሚዲያው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን "ቅሪተ አካሉ ቢጎዳስ? ለምን ከአገር ይወጣል?" አለ። ሌላው "አገር ያስተዋውቃል፣ ምን ችግር አለው?" ብሎ መለሰ። ክርክሩ ሁሉ በአዲስ አበባና በፕራግ መካከል ነበር። አፋር በወሬው ውስጥ እምብዛም አልገባም። ሉሲ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው ግን አፋር ውስጥ፣ ሀዳር ላይ ነው። ሰላምም በ1993 ዓ.ም. የተገኘችው እዚያው አፋር፣ ዲኪካ ላይ ነው።

ይህ ነገር ከሌላ የተለመደ ቅሬታ ጋር ይገናኛል። የአገር ውስጥ ጉዞ እየተለመደ መጥቷል። ለበዓል ወይም ለእረፍት ሐረር፣ ጅማ፣ ደሴ ወይም ጂንካ የሚሄድ ሰው ከሆቴልና ከምግብ ቤት ቀጥሎ ሙዚየም መጠየቁ አይቀርም። ሲመለስ የሚናገረውም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። "ቤቱ ያምራል፣ ውስጡ ግን ምንም የለም።" "ሁለት ጦር፣ አንድ አገልግልና የደበዘዘ ፎቶ አይቼ ወጣሁ።"

ቅሬታው ሐሰት አይደለም። ችግሩ የሚሰጠው ምክንያት ላይ ነው። ብዙ ሰው "ግዴለሽነት ነው" ብሎ ይዘጋዋል። ግዴለሽነት የለም ማለት አይቻልም። ነገር ግን አንድ የክልል ሙዚየም መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠውን የሚወስነው የአካባቢው ታሪክ ስፋት አይደለም። የሚወስነው ዕቃው በመጨረሻ ማን እጅ ላይ እንደቀረ ነው። አካባቢው የሺህ ዓመት ታሪክ ሊኖረው ይችላል። ዕቃው ግን አዲስ አበባ፣ ለንደን፣ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ወይም የአንድ ቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ዕቃው መጀመሪያ የት ሄደ?

ከመሬት የሚወጣው ቅርስ መንገዱ ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቁፋሮ የሚገኝ ቅርስ የመንግሥት ነው። ተመራማሪዎች ያገኙትን ለፌዴራሉ የቅርስ ባለሥልጣን ያስረክባሉ። የቅሪተ አካል ቤተ ሙከራውና አስተማማኙ ካዝና ያሉት አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ አፋርም ሆነ ኦሞ ሸለቆ የተገኘ አጥንት ወደዚያ ይሄዳል። ይህ ክፋት ወይም ሴራ አይደለም። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚጠናበትና የሚጠበቅበት ቦታ ሲሠራ አንድ ቦታ ላይ ስለተሠራ ነው። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ የሚሄደው ጎብኚም ብዙውን ጊዜ የሚያየው የሉሲን ቅጂ ነው። እውነተኛው ዐፅም የሚቀመጠው በካዝና ነው።

ሕገ መንግሥቱ ሥራውን ያከፋፍላል። የፌዴራሉ መንግሥት ለታሪካዊ ቅርሶች አጠባበቅ አገራዊ መመዘኛና መሠረታዊ መስፈርት ያወጣል። ክልሎች ደግሞ በየአካባቢያቸው ያለውን ያስተዳድራሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ቅርሶችን "ብሔራዊ" እና "ክልላዊ" ብሎ መደበ። በወረቀት ላይ ጥሩ ክፍፍል ነው። በተግባር ግን ዋና ዋናው ቅርስ "ብሔራዊ" ሲባል ለክልሉ የሚተርፈው የቤት ዕቃ፣ አልባሳትና የእርሻ መሣሪያ ይሆናል። ጎብኚው "ጦርና አገልግል ብቻ" የሚለው አንድም ከዚህ የተነሳ ነው።

ከመሬት ሳይሆን ከቤተ መንግሥትና ከመኳንንት ቤት የመጣው ቅርስ ሌላ ታሪክ አለው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመኳንንቱ ቤቶች ተወረሱ። ቤቱ ቢሮ ሆነ፣ ቀበሌ ሆነ፣ አንዳንዴም ሙዚየም ሆነ። ዕቃው ግን ሁልጊዜ ከቤቱ ጋር አልቀረም። የደሴ ሙዚየም ያረፈው በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ነው። እዚያ የሚገባ ሰው ሁለት ነገር አብሮ ያያል። አንዱ ቤቱ ራሱ ነው። ሌላው በኋላ ከየቦታው ተሰብስቦ የገባው ዕቃ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማንበብ ስህተት ላይ ይጥላል።

ጅማም ተመሳሳይ ግርታ አለ። ጂሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰፊ ነው፣ የእንጨት ሥራውም ዓይን ይስባል። የንጉሡ የግል መገልገያዎች ግን ለረጅም ዓመታት የቆዩት ታች ከተማ ባለው የጅማ ሙዚየም ነው። ቤተ መንግሥቱን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው "ባዶ አዳራሽ" ይላል። ሙዚየሙን ብቻ ያየው ደግሞ ወንበሩ የትኛው አዳራሽ ውስጥ ይቀመጥ እንደነበር መገመት ይቸግረዋል።

ሦስት ባለቤት ያለው ብራና

የውጭው ዘረፋ ከሁሉም በላይ የሚነገርለት ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ የወሰደውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል። የተዘረፈው ዕቃ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ብቻ ወደ 350 የሚጠጉ የመቅደላ ብራናዎች አሉ።

በቅርብ ዓመታት ጥቂቱ ተመልሷል። የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር በ2011 ዓ.ም. መጣ። በ2014 ዓ.ም. ዘውድ፣ መስቀልና ዋንጫዎች ያሉባቸው 13 ዕቃዎች መጡ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የመቅደላ ጋሻ ተመለሰ። እያንዳንዱ ሲመጣ ዜናው "ወደ ቤቱ ተመለሰ" ይላል። ቤቱ የት ነው?

መቅደላ ወሎ ውስጥ ነው። የወሎ ሰው "ከእኛ አምባ የተወሰደ ነው" ቢል ምክንያት አለው። ቴዎድሮስ ግን አብዛኛውን ብራና መቅደላ አላስጻፉትም። ለመቅደላው መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቡት ነው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠሉትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ጎንደሬው "ከእኛ ደብር የተወሰደ ነው፣ እንግሊዝ ሁለተኛው ወሳጅ ነው" ቢል እሱም ምክንያት አለው። ሦስተኛው አዲስ አበባ ነው። እንግሊዝ የሚነጋገረው ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ነው፣ ርክክቡም ለሱ ነው።

የጸጉሩ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። ለንደን ያለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለመመለስ ሲስማማ ጸጉሩ ከንጉሡ መቃብር ጋር፣ ቋራ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም እንዲያርፍ የሚል ሐሳብ ይዞ ነበር። የገባው ግን አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ነው።

ተቃራኒ ምሳሌ አንድ ትልቅ አለ፦ የአክሱም ሐውልት። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ወሰደችው፣ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተቆርጦ በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2000 ዓ.ም. ቀድሞ በነበረበት አክሱም ቆመ። አዲስ አበባ ይቁም ያለ አልነበረም ማለት ይቻላል። የሐውልቱ ቦታ በመሬት ላይ ይታወቃል፣ ጎረቤቶቹም እዚያው ቆመዋል። 24 ሜትር የሚረዝም ድንጋይ ደግሞ ካዝና ውስጥ አይገባም። ትንንሽና ተንቀሳቃሽ ዕቃ ላይ ስንደርስ ነው "ቤቱ የት ነው" የሚለው የሚከብደው።

ሐረር፦ የግሉ ሙዚየም ለምን በለጠ?

"የክልል ሙዚየሞች ባዶ ናቸው" የሚለውን አባባል የሚያፈርስ ከተማ ካለ ሐረር ነው። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ ጁገል ውስጥ፣ በእግር በሚደረስ ርቀት በርከት ያሉ ሙዚየሞች አሉ። ከነዚህ ሁሉ ሀብታሙ የመንግሥት አይደለም። አብደላ ሸሪፍ የሚባሉ የከተማው ሰው ያሰባሰቡት ነው። ሸሪፍ ሐረር ሙዚየም ይባላል።

ምን እንዳለው መዘርዘር ቀላል ነው። በእጅ የተጻፉ ቁርአኖችና ኪታቦች፣ በአረብኛ ፊደል የተጻፈ ሐረሪኛ፣ የሐረር አሚሮች ያስቀረጿቸው ሳንቲሞች፣ የብር ጌጦች፣ ጎራዴዎች፣ አልባሳት፣ የድሮ ዘፈንና የዝክር (የእስልምና መንፈሳዊ ዜማ) የድምፅ ቅጂዎች። ይበልጥ የሚያስገርመው ከየት እንደመጡ ነው።

ሐረር ለረጅም ዘመን የራሷ አሚር የነበራት ከተማ ነች። ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ግብፆች ያዟት። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን አሸንፈው ገቡ። በ1940 ዓ.ም. በከተማዋ የፖለቲካ እንቅስቃሴ ተነሳ፣ እስርም ተከተለ፣ ብዙ ሐረሪዎች ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላ ከተማ ፈለሱ። ከአብዮቱ በኋላ መሬት ሲወረስ ከከተማ ውጭ እርሻ የነበራቸው ቤተሰቦች ኑሯቸው ተናጋ። ሌላ ስደት ተጨመረ። ዛሬ ቶሮንቶ፣ ሜልቦርን፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ዋሽንግተን አካባቢ ትልልቅ የሐረሪ ማኅበረሰቦች አሉ።

ቤተሰብ ሲሰደድ ዕቃ ይበተናል። አንዱ ይሸጣል፣ ሌላው ሣጥን ውስጥ ይቀራል፣ አንዱ ለቱሪስት ይሄዳል። አብደላ ሸሪፍ ደርግ ከወደቀ በኋላ መሰብሰብ ሲጀምሩ የገቡት እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። መጀመሪያ በራሳቸው ቤት አሳዩ። በሚሊኒየሙ አካባቢ ደግሞ አሁን ያለበትን ቤት ክልሉ ሰጣቸው።

ሰዎች ለመንግሥት ያልሰጡትን ለሳቸው የሰጡበት ምክንያት እምነት ነው። ጎረቤት ናቸው። ቋንቋውን ይናገራሉ። የተገነጣጠለ ኪታብ ጠርዘው መጠገን ተምረዋል። ስለዚህ አያቱ ያወረሱትን መጽሐፍ ይዞ የመጣ ሰው መጽሐፉ ሲታከም ያያል። የመንግሥት ሠራተኛ መዝገብ ይዞ ቢመጣ ግን ባለቤቱ የሚያስበው ሌላ ነው። "ዛሬ ተመዘገበ፣ ነገ ይወሰዳል።" ይህ ፍርሃት ከባዶ አልመጣም። ቤትና መሬት በአዋጅ ሲወሰድ ያየ ትውልድ ነው።

ቤቱም የሚናገረው አለው። ሙዚየሙ ያለበት ሕንፃ የራስ ተፈሪ ቤት ይባላል። ተፈሪ፣ በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ምኒልክ ሐረርን ሲይዙ ገዥ አድርገው የሾሟቸው የራስ መኮንን ልጅ ናቸው። የተያዘችው ከተማ ቅርስ የተቀመጠው ከተማዋን ያስተዳደረው ሰው ልጅ ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። በሩና የእንጨት ሥራው ላይ ደግሞ የሕንድ አናጺዎች እጅ ይታያል። የሐረርን ታሪክ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ትምህርቱ የሚጀምረው ትኬት ሳይቆርጥ፣ በሩ ላይ ነው።

ጥቂት እርምጃ ርቆ "ራምቦ ቤት" አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ለንግድ ሐረር መጣ፣ እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1883 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ሰው ሁሉ "ራምቦ የኖረበት ቤት" ብሎ ፎቶ ይነሳል። የእንጨቱ ቤት ግን አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፣ ከራምቦ ዘመን በኋላ ነው የሚሉት ተመራማሪዎችም ሚዛን ይደፋሉ። ታዲያ ምን ይታያል? የድሮ ሐረር ፎቶግራፎች። በሮቹ፣ ገበያው፣ ሰዎቹ። በራምቦ ስም የገባ ጎብኚ ልብ ብሎ ካየ የሚያገኘው ከተማዋን ነው። ለኔ ይህ ከራምቦ አልጋ ይበልጣል።

የግል ሙዚየም መፍትሔ ነው ማለት ግን አይደለም። በአንድ ሰው ትጋት የቆመ ስብስብ ሰውየው ሲደክም ምን ይሆናል? ውርሱ ለልጅ ነው፣ ለከተማው ነው ወይስ ለክልሉ? ሕጉ የግል ባለቤትነትን ይፈቅዳል። ነገር ግን ባለቤቱ እንዲያስመዘግብና እንዲጠብቅ ያስገድዳል፣ ከአገር እንዳያወጣም ይከለክላል። ከዚያ በኋላ ስላለው የትውልድ ቅብብል ግን የሚያስተማምን ልምድ ገና አልዳበረም።

የተዘረፈና የተደበቀ

በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ደሴ በትግራይ ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። በትግራይም ውስጥ አል ነጃሺ መስጊድ ተጎድቷል። ከአብያተ ክርስቲያናትና ከገዳማት ቅርስ መዘረፉ ተነግሯል፣ አንዳንዱም በኢንተርኔት ለሽያጭ ቀርቦ ታይቷል። በጦርነት ጊዜ ቅርስ ዘርፎ ወይም አውድሞ "የኔ ወገን አልነካም" የሚባልበት ንግግር ብዙ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ የቆመው ጎብኚ የሚያገኘው ግን ያው ባዶ መስታወት ነው።

ሰላም ባለበት ጊዜም ሌባ አለ። ላሊበላ ያለው "አፍሮ አይገባ" የተባለው መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ወጣ። ቤልጅየም ውስጥ የአንድ ቅርስ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ነበር፣ በኋላ ግን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አንድ የገጠር ደብር ካህን ለእንግዳ መስቀሉን ለማውጣት ቢያመነታ ማን ይፈርድበታል? ብዙ ጊዜ "ዋናውን አያሳዩም፣ ሌላ ነው የሚያወጡት" የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው።

ጨርሶ ሊታይ የማይገባም አለ። ታቦት ዋናው ምሳሌ ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉት። ከኦርቶዶክስ ካህናት በቀር ማንም እንዲያያቸው አይፈቅድም፣ የራሱም ሠራተኞች አያዩም። ማንም የማያየውን ዕቃ ሙዚየም ለምን ይይዛል የሚለው ጥያቄ እዚያው እንግሊዝ ፓርላማ ድረስ ተነስቷል። እዚህ አገር ግን የታቦት በሙዚየም አለመኖር ጉድለት አይደለም። ቦታው ሌላ ስለሆነ ነው።

መግለጫ ጽሑፉን ማን ጻፈው?

ከዕቃው ሥር የተለጠፈችው ወረቀት ከዕቃው እኩል ልትነበብ ይገባታል። ትልልቅ ሙዚየሞች ይህን ሥራ ለኪውሬተር ይሰጣሉ። ኪውሬተር ማለት ስብስቡን የሚያጠና፣ ምን እንደሚታይ የሚመርጥና ስለሱ የሚጻፈውን የሚወስን ባለሙያ ነው። በብዙ የክልል ሙዚየሞች ይህ ሥራ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሠራተኛ ላይ ይወድቃል። ቢሮው ደግሞ የክልሉ መንግሥት አካል ነው። ስለዚህ መግለጫው የታሪክ ጽሑፍ ብቻ አይሆንም። ክልሉ ራሱን ለእንግዳ የሚያስተዋውቅበት ቃልም ነው።

አንዱን ክስተት ሁለት ቦታ አንብቡት። ጨለንቆ በአንዱ "የአገር አንድነት ግንባታ" ምዕራፍ ነው። በሌላው የሐረር ነፃነት ያበቃበት ቀን ነው። ሁለቱም አባባል ስለ አንድ ጦርነት ነው። የሚለያዩት ታሪኩን ከየት ቆመው እንደሚጀምሩ ነው። አንዳንዱ ሙዚየም ጣጣው ይቅርብኝ ብሎ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ጽፎ ያልፋል። ጎብኚው ይህንንም እንደ መልስ ሊወስደው ይገባል።

በ2006 ዓ.ም. አርሲ ሄጦሳ የተመረቀው የአኖሌ መታሰቢያና ሙዚየም ክርክሩን እስከ ጫፍ ወስዶታል። ደጋፊዎቹ ለዘመናት በጽሑፍ ታሪክ ቦታ ያልተሰጠው የአርሲ ኦሮሞ ስቃይ በመጨረሻ እውቅና አገኘ ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ የተመረጠው ምስል፣ የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ፣ ቁስል የሚያመረቅዝ ነው፣ በቃል የተላለፈውም ታሪክ በቂ ማረጋገጫ አልቀረበበትም ይላሉ። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይጠፋል። መታሰቢያ የሚሠራው ለማሰብ ነው፣ ወገን መያዙም ይጠበቃል። የታሪክ ሙዚየም ግን "ይህን ከየት አወቃችሁ?" ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ ሲገቡ ጎብኚው የቱን እያየ እንደሆነ ግራ ይጋባል። ይህ የአኖሌ ብቻ ችግር አይደለም። መቀሌ ያለው የሰማዕታት ሐውልትና ሙዚየምም፣ አዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ሁለቱን ሚና አብረው ተሸክመዋል።

ከፉክክሩ ሌላ ዝምታም አለ። በአንድ ብሔር ስም የተሰየመ ሙዚየም ውስጥ ጎረቤቱ ይረሳል። የሐረር ታሪክ የሐረሪዎች ብቻ አይደለም። የኦሮሞ ገበሬ፣ የሱማሌ ነጋዴ፣ አርጎባው፣ አማራው ወታደር፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የመኑ ሱቅ ሁሉ አሉበት።

ጨለማው፣ ፎቶውና ትኬቱ

ይህኛው አጭር ነው። ብራናና ጨርቅ ለብርሃን ደካማ ናቸው። ባለሙያዎች ለእንዲህ ያለ ዕቃ የሚመክሩት 50 ሉክስ አካባቢ ነው። ሉክስ አንድ ገጽ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው። አንድ ሻማ በአንድ ሜትር ርቀት የሚሰጠው ብርሃን ወደ አንድ ሉክስ ይጠጋል። ስለዚህ ክፍሉ ደብዘዝ ቢል ወይም "በፍላሽ አታንሱ" ቢባል ሁሌ ቸልተኝነት አይደለም። ቸልተኝነቱ የሚታወቀው በተቃራኒው ነው፤ በመስኮት የሚገባ ፀሐይ ቀጥታ ብራናው ላይ ሲያርፍ።

ትኬቱን በተመለከተ፣ የመንግሥት ሙዚየም ብዙውን ጊዜ የበጀት መሥሪያ ቤት ነው። የሰበሰበው ገንዘብ ወደ ፋይናንስ ይገባል፣ የሚሠራበት ደግሞ በዓመት በጀት ነው። በጀቱ በአብዛኛው ደመወዝ ነው። ጎብኚ ቢበዛም ሙዚየሙ በዚያ ገንዘብ የመስታወት ሣጥን ገዝቶ አያስገባም። "ይህን ሁሉ ሰው እያስገቡ ለምን አያድሱትም?" የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

አዲስ አበባ ይቀመጥ ወይስ ክልል ይሂድ?

ማዕከል ላይ ይሁን የሚሉት ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ደሴ ላይ የሆነውን ያነሳሉ። ጥበቃ፣ የእሳት መከላከያ፣ ቤተ ሙከራና ባለሙያ ያለበት ቦታ ይቀመጥ ይላሉ። አንድ ጊዜ የጠፋ ብራና በፍትሐዊ ክፍፍል አይመለስም።

ወደ ክልል ይሂድ የሚሉት ደግሞ ይህ ክርክር ክብ ነው ይላሉ። ክልሉ አቅም የለውም ተብሎ ዕቃ አይሰጠውም። ዕቃ ስለሌለው ጎብኚ አይመጣም። ጎብኚ ስለሌለ በጀት አይመደብም። በጀት ስለሌለ አቅም አይኖረውም። የወረኢሉ ወይም የመቅደላ ተማሪ የአካባቢውን ታሪክ ለማየት አዲስ አበባ መምጣት አለበት፣ አብዛኛው ደግሞ አይመጣም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ራሷ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንድነት ፓርክን፣ የሳይንስ ሙዚየምንና የዓድዋ መታሰቢያን አግኝታለች። ሚዛኑ ከድሮው ይበልጥ ወደ ማዕከል አዘንብሏል።

ሁለቱም ወገን የሚዘለው ነገር መዝገብ ነው። ምን እንዳለ፣ የት እንዳለ፣ ፎቶው ምን እንደሚመስል ተመዝግቦ ካልተቀመጠ አዲስ አበባም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። ከደሴ የተዘረፈውን ለማስመለስ መጀመሪያ የተዘረፈው ምን እንደሆነ በፎቶና በቁጥር ማሳየት ያስፈልጋል። በዓለም የቅርስ ገበያ ላይ ፎቶ የሌለው ዕቃ ለመከራከር እጅግ ከባድ ነው። መዝገብ ከሕንፃ በጣም ይረክሳል፣ ሪባን ስለማይቆረጥለት ግን ወረፋው ሁሌ መጨረሻ ነው።

አሁን ባለው አካሄድ የሚጠበቀው ሕንፃው ከስብስቡ ቀድሞ እንዲመጣ ነው። ክልሎችና ከተሞች ከሎጅና ከፓርክ ጋር አብረው "ሙዚየም" የሚል አዳራሽ ይሠራሉ። ግድግዳው ያምራል፣ ውስጡ በቅጂና በትልልቅ ፎቶ ይሞላል። ቅጂ መጥፎ አይደለም፣ ሉሲንም አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በቅጂ ነው። መጥፎ የሚሆነው ቅጂ መሆኑ ሳይጻፍ ሲቀር ነው። ሌላው ሊመጣ የሚችለው የክልሎች ፉክክር ነው። ተጨማሪ የመቅደላ ዕቃ በተመለሰ ቁጥር ጎንደርና ወሎ ጥያቄ ማንሳታቸው አይቀርም። ፌዴራሉ አስቀድሞ መስፈርት ካላወጣ እያንዳንዱ ርክክብ አዲስ ጭቅጭቅ ይወልዳል።

የመሃል መንገድ አለ። የጊዜ ውሰት ይባላል። ባለቤትነቱ ብሔራዊ ሙዚየም ላይ ይቆያል፣ ዕቃው ግን ለተወሰኑ ወራት ክልል ሄዶ ይታያል። ፕራግ የተደረገውም ይኸው ነው፤ ለሁለት ወር፣ በስምምነት፣ በጥበቃ። ወደ ቼክ የሚሠራ አሠራር ወደ ሰመራ የማይሠራበት የሕግ ምክንያት የለም። ያለው የአቅም ምክንያት ነው፤ የሙቀትና የእርጥበት መቆጣጠሪያ ያለው አንድ ክፍል፣ ኢንሹራንስ፣ የሌሊት ጥበቃ፣ ሲወጣና ሲገባ የሚፈራረም ባለሙያ። ይህ ለአንድ ትልቅ ሙዚየም ሁሉ የሚያስፈልግ ሳይሆን ለአንድ ክፍል የሚያስፈልግ ወጪ ነው። የመጀመሪያው ሙከራም በሉሲ መሆን የለበትም። በ2014 ዓ.ም. ከመጡት 13 ዕቃዎች አንዱ፣ ዋንጫም ቢሆን፣ ጎንደር ወይም ደሴ ሄዶ በሰላም ከተመለሰ የሚቀጥለውን ጥያቄ "አቅም የላችሁም" ብሎ መመለስ ይከብዳል።